የውሃ ሽበት

አውራ ጎዳናው አልቆ፣ የዴልታ መብራት ሲርቅ፣
መሬቱ እንደ ፍራሽ ነው፤
ስትረግጠው የሚሰምጥ፣ ስትለቀው የሚስቅ።
ፒት ይሉታል አፈሩን፤ ሞቶ ያልበሰበሰ ሣር፣
ሺህ ዓመት በሺህ ዓመት ላይ፣ ተነጥፎ ውሃ የሚያስር።
የለበሰው ለስላሳ ነገር፣
በእኛ አፍ የድንጋይ ሽበት ነው፤ እዚህ ግን ድንጋይ የለ፣
ውሃ ነው የሸበተው፣ ቆሞ ቆሞ እየዋለ።

ዊልማ ከፊቴ ትሄዳለች፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣
ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበት፣ መዝገቧ በደረቷ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ አጥቢ እንስሳ ቆጣሪ ነን፣
ደመወዝ የለንም እንጂ፣ አለቃም የለብን።
«እዚህ ጋ ትራክተር ሰምጧል» ትላለች በጣቷ ጠቁማ፣
«ከነመብራቱ።»
አልፋለሁ ጫፉን ረግጬ፣ እንደ ሌባ በጨለማ።

«ጡት ያጠባ እንደሆነ ጻፍ፤ ላባ ያለውን እለፍ።»
የሌሊት ወፍን ጻፍኳት። በስሟ ወፍ ብትባልም፣
ልጇን በክንፏ አቅፋ ታጠባለች፤
ስም ጡት አያስጥልም።

ማታ አርባ ሣጥን አጥምደናል፤ የማይገድል፣ የሚያሳድር፣
ጥጥ አንጥፎ፣ አጃ አቅርቦ፣ እንግዳውን የሚያከብር።
በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ አይጥ፣
አጃችንን በልታ ጨርሳ፣ እኛኑ የምትገላምጥ።
«ዘሯ አልቋል» ብለው ነበር፣ መርዶዋን ጽፈው አኑረው፤
ለካ እሷ እዚሁ ኖራለች፣ መርዶዋን ሳትሰማው።
መዘንናት፤ ሃያ ግራም፤ ከደብዳቤ አትከብድም።
ዊልማ ፈታ ለቀቀቻት። «ሂጂ» እንኳ አላለቻትም።

በሰባተኛው አይጠ መጎጥ፤ አፍንጫው ወስፌ ያከለ፣
ጾም ያልተፈቀደለት ፍጥረት፤ ግማሽ ቀን ካልበላ የለ።
እጄ ላይ ሽንቱን ረጭቶ፣ ሣር ውስጥ ገባ፣ ተሰወረ።
ዊልማ ሳቀች፤ «ጻፍ» አለች፤
ሕያው መሆኑ ተመሰከረ።

አጋዘን ከነግልገሏ። የጥንቸል በጠጥ፣ አሥር ቦታ።
ኮዮቴ አላየንም፤ ሰምተነው ነበር ማታ፣
የከተማው ቆሻሻ ከሚደፋበት ኮረብታ።
ድብ? አንድ ጊዜ ብቻ። መዳፉን ጭቃ ላይ አትሞ
ሄዷል፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ባለርስት፣
በጣቱ ፈርሞ።

ከቦዩ ስንደርስ ቆመች።
«ይህን የቆፈረ አባቴ ነው፤ ኦስታፕ ይባል ነበር፣
ውሃው ወጥቶ እንዲደርቅ፣ አፈሩ በጆንያ እንዲቋጠር።
አባቴ ቀን ሲያፈርሰው፣ ቢቨር ሌሊት ይገድበዋል፤
አባቴ ጠዋት ይረግማል፤ እሱ ማታ ያርመዋል።
በመጨረሻ ወጥመድ ገዛ።
ለአንድ ጅራት ሁለት ዶላር፣ ኩባንያው ይከፍል ነበር፤
እግሬ ጫማ የለመደው፣ ትምህርት ቤት የሄድኩት በዚያ ብር።»

ይህን ብላ ዝም አለች። መዶሻዋን አወጣች።
የተሸከምኩትን ሳንቃ፣ ከጭቃው ላይ አቆመች፤
የአባቷን ቦይ፣ በአባቷ መዶሻ ደፈነች።
ውሃው ቆመ፤ ትንሽ አሰበ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፣
ወደ ሽበቱ፣ ወደ ቤቱ፣ ቀስ እያለ ፈሰሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣
ሳንቃችን ላይ እርጥብ ጭቃ፣ በወጉ ተለስኖ፣
የተላጠ የአኻያ ቅርንጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች ተሸምኖ፣
እኛ ያላየነውን ሽንቁር፣ ሌላ እጅ አግኝቶት፣ ደፍኖ።

«ቢቨር፣ አንድ» አልኳት። አልጻፈችም።
ገጹን ወደ ላይ አየች፣
«የሠራተኛ ብዛት» ከሚለው ሥር፣ ሁለትን በእርሳስ ሰረዘች፤
ሦስት አለች።
ዝናብ ጀመረ። ከሣጥኖቹ ባንዱ ውስጥ፣ የምትቧጭር አለች።